«ግሸን» ብለው ደሴ ላይ እንዳይጥሏችሁ

ለግሸን ማርያም ጉዞ ልትመዘገቡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ።

ባለፈው መስከረም እናቴን ይዤ ሄጄ ነበር። ስለት ነበረባት፣ ዓመት ከዓመት ሲተላለፍ የቆየ። ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ውጪ ባነር ሰቅለው፣ ጠረጴዛ አውጥተው የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩ። «ደርሶ መልስ፣ ማደሪያን ጨምሮ፣ በምቹ ኮስተር እስከ አምባው ሥር» አሉኝ። ለሁለታችን 9,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። የሰጡኝ ወረቀት ላይ ስማችን፣ «ጉዞ ወደ ግሸን» የሚል ጽሑፍና አንድ ክብ ማኅተም አለ። በቃ። የታርጋ ቁጥር የለም፣ የመመለሻ ቀን የለም፣ እስከየት እንደሚያደርሱን የሚል አንድ ቃል የለም። ያኔ ልብ አላልኩትም። ሰው ለበረከት ሲሄድ መነዝነዝ ነውር ይመስለዋል፣ እነሱም የሚጠቀሙበት ይህንን ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የመጣው ኮስተር ሳይሆን ቅጥቅጥ ነበር። መተላለፊያው ላይ በርጩማ ደርድረው ትርፍ ሰው ጭነዋል። ከጣርማበር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የፍሬኑ ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ፣ ሰው ሁሉ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማ ተቀየረ፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። ደሴ የገባነው ሊመሽ ሲል፣ ዝናብ እያካፋ ነው።

እዚያ ላይ ረዳቱ በሩን ከፈተና «ውረዱ፣ ከዚህ በኋላ መኪናው አይገባም፣ መንገዱ ጭቃ ነው» አለን። ታዲያ በምን ልንሄድ ነው ብንል የጭነት አይሱዙ አሳየን፣ ሸራ እንኳ የሌለው። ለዚያውም በሰው 700 ብር፣ መሄጃ ብቻ። ያስመዘገበን ሰው ጋ ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ሻንጣው ላይ ተቀመጠችና «ልጄ አትጣላ፣ የመጣነው ለእሷ ነው» አለችኝ። ከጎኗ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች፣ የያዘችው ብር ለጧፍና ለስለት ብቻ ነው፣ ምን እንደምታደርግ ጨንቋት ዝም ብላ ቆማለች። እኔን ያበገነኝ ከራሴ ብር ይልቅ ይሄ ነው።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልት ነው፣ የትኛውም መኪና ይሄደዋል። ግሸን ግን ደሴ አይደለችም። አምባሰል ውስጥ ናት፣ ከደሴ በኩታበር በኩል ተወጥቶ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ገና ይቀራል፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የሚገባው ደግሞ ኮረኮንች፣ ጠመዝማዛ፣ አንድ ጎኑ ገደል ነው። ግማደ መስቀሉ (ክርስቶስ የተሰቀለበት መስቀል ክፋይ) እዚያ ያረፈው እኮ ቦታው ለመድረስ ቀላል ስለሆነ አይደለም፣ ተራራው ራሱ የመስቀል ቅርጽ ስላለው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ «አንብር መስቀልየ በዲበ መስቀል» (መስቀሌን በመስቀል ላይ አኑር) ተብለው ቦታውን ሲፈልጉ ኖሩ ይባላል። እናቴ ይህን መንገድ ሙሉ ስትደጋግመው ነበር።

እና ርካሽ ዋጋ የሚነግሯችሁ ሰዎች ዋጋውን የሚያወርዱት ከዚያች ከመጨረሻዋ መንገድ ነው። አስፋልቱን ይሸጡላችኋል፣ ተራራው ሳይደርስ ይተዉአችኋል። የግሸን ክብረ በዓል የሚውልበት መስከረም 21 ክረምቱ ገና ሊወጣ ሲል ነው፣ መንገዱ አልደረቀም፣ የሚሄደው ሕዝብ ደግሞ ከየአገሩ ነው። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ መኪና ማግኘት ከባድ ነው፣ ዋጋውም እንደ ሰዓቱ ይጨምራል። ይህን አስቀድመው ያውቁታል። ድንገት የገጠማቸው ችግር አይደለም።

እባካችሁ አይሱዙው ላይ አትውጡ። ሰው በጭነት መኪና መጫን በሕግ የተከለከለ ነው፣ የተከለከለውም በምክንያት ነው። እዚያ መንገድ ላይ ቆማችሁ፣ የምትይዙት ነገር ሳይኖር፣ በጭቃ ላይ መታጠፊያ ሲታጠፍ ምን እንደሚመስል አስቡት። ብዙ ሰው ግን ወጣ። እዚህ ድረስ መጥቶ ማን ይመለሳል?

እኛ ዘጠኝ ሆነን ሕፃን ያዘለችዋን ጨምረን ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ የአገሩ ሹፌር አገኘን። አባዱላ ነው የሚነዳው፣ መንገዱን በየዓመቱ የሚሄድበት ነው። የሴትዮዋን እኛ ተካፍለን፣ በሰው 1,500 ብር ደርሶ መልስ ተስማማን። እሱ ራሱ «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስትመለሱ» አለ። ይሄን ቃል ያዙልኝ። ሙሉውን ቀድሞ የተቀበለ ሹፌር ከቅዳሴ በኋላ አይጠብቃችሁም፣ ሲሞላለት ሌላ ሰው ጭኖ ይወርዳል። እኛ ስንመለስ የዚያ የአይሱዙ ሰዎች መንገድ ዳር መኪና ሲለምኑ አይተናል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ በደንብ ጠይቁ፦ ከደሴ በኋላ በምን መኪና ነው የምሄደው? «እሱን እዚያ እናመቻቻለን» ካሏችሁ ተነስታችሁ ሂዱ። ታርጋው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፣ ኮድ 3 (የንግድ ታርጋ) መሆኑን እዩ። ልትሳፈሩ ስትሉም መስታወቱ ላይ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ዘንድሮ የታደሰ መሆኑን አይታችሁ ነው መግባት። «በሩ ድረስ እናደርሳለን» የሚላችሁ ካለ ቦታውን አያውቀውም ወይም ይዋሻችኋል። መኪናው ከቆመበት እስከ አምባው በር በእግር ነው የሚወጣው፣ እናቴ እያረፈች ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶባታል።

እኔ ብሆን አሁን የጉዞ ወረቀት አልገዛም። መናኸሪያ ሄዶ ደረጃ 1 አውቶቡስ ቆርጦ ደሴ መግባት፣ አንድ ሌሊት ማደር፣ መስከረም 19 ላይ መንገዱን ከሚያውቅ የደሴ ሹፌር ጋር መሄድ። 20 ማታን ከጠበቃችሁ ዋጋውም ግፊያውም ሌላ ነው። አቅም ያለው እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል፣ ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ትኬት የሚሸጠውን ሰው አትጠይቁት፣ ደሴ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ ጋ ደውሉ፣ በአንድ ቀን የሚለዋወጥ ነገር ነው። ስለት የሌለበት ሰው ደግሞ ጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም በዓል ቢሄድ መንገዱ ደረቅ ነው።

ለእናቴ ይህን ብነግራት «የኔ የመስከረሙ ነው» አለች። ዘንድሮም ትሄዳለች። የደሴውን ሹፌር ከሐምሌ ጀምሮ ደውዬ አናግሬዋለሁ፣ ሰባት ቦታ ተይዟል፣ ቀብድ አልተቀበለኝም።