ከጋቢው ሥር ያለውን ላሳዩኝ መምህሬ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። የሰውን አካል መሣል ያስተማሩኝን፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚኖሩትን መምህሬን በአደባባይ ላመሰግን እፈልጋለሁ። ሥዕል መማር የምትፈልጉ የከተማችንና የአካባቢዋ ልጆች ደግሞ ሳይመሽባችሁ እሳቸው ዘንድ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ከፎቶግራፍ እያየሁ በእርሳስ የሰው ምስል ሠርቼ ሸጫለሁ፤ ለሠርግ፣ ለምረቃ፣ ለሙት ዓመት። ፊት ላይ እጄ ደህና ነበር። ከአንገት በታች ግን ሥራዬ መደበቅ ነበር፤ እጅ ሲመጣብኝ ኪስ ውስጥ እከታለሁ፣ ትከሻን በጥላ አጠፋለሁ። አምና አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ምስል አዘዙኝ። ፎቶው ላይ ያሉት አዛውንት ጋቢ ተከናንበው፣ ዱላ ተደግፈው ቆመዋል። ጨርሼ ስሰጣቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩትና «ፊቱ እሱ ነው፤ ጋቢው ውስጥ ግን ሰው የለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ገንዘባቸውን ልመልስ ብል እምቢ አሉ። «ሲገባህ ትሠራልኛለህ» ብለው ምስሉን ትተውልኝ ሄዱ።

በዚያ ሰሞን ነው መምህሬን የጠቆሙኝ። የመጀመሪያ ቀን እርሳስ እንኳ አላስያዙንም። «ጣታችሁን ገላችሁ ላይ አድርጉና አጥንት ፈልጉ» አሉን። ማጅራት ላይ አንገት ሲያጎነብስ የሚያብጠው ጉብታ፣ የክርን ጫፍ፣ የዳሌ ጠርዝ፣ የጉልበት ሎሚ። ሰው ቢወፍርም ቢከሳም እነዚህ ቦታዎች ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆኑ ሠዓሊ መንገድ የሚይዘው በእነሱ ነው። ከዚያ ቁርጭምጭሚታችንን በሁለት ጣት እንድንይዝ አደረጉን። የውስጠኛው ጉብታ ከውጪኛው ከፍ ብሎ ይገኛል። እኔ ስድስት ዓመት ሁለቱን እኩል ስሠራ ኖሬያለሁ! አሁን ይህን የምታነቡ እጃችሁን ወደ እግራችሁ ብትሰዱ ታገኙታላችሁ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ቅዳሜ የታጠበና የደረቀ የበግ አጥንት ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጠበቁን። «በግ ስትበልቱ የፊት እግሩን ከጎድኑ ለመለየት አጥንት ትሰብራላችሁ?» ብለው ጠየቁ። በእኛ አገር በግ በልቶ የማያውቅ ጎልማሳ ከየት ይገኛል? ቢላዋው በሥጋው መሃል ካለፈ እግሩ ከነትከሻ አጥንቱ ይወጣል። «ለምን?» ሲሉን ግን መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። በግ እኛ ከአንገታችን ሥር ያለን ዓይነት አጥንት የለውም፤ የፊት እግሩ ከደረቱ ጋር የተያያዘው በጡንቻ ብቻ ነው። ሰው ግን ከደረቱ አናት እስከ ትከሻው ጫፍ የሚደርስ አግዳሚ አጥንት በግራም በቀኝም አለው። ክንዳችንን ከደረታችን አርቆ የሚይዘውና ወደ ጎን እንደ ልብ እንድንዘረጋው የሚያግዘው እሱ ነው። «ጋቢው የተሰቀለው እዚህ ላይ ነው» አሉና በከሰል አንድ መስመር አሠመሩ። የእኔ አዛውንት የጎደላቸው ያ መስመር ነበር። የበጉን የኋላ እግር አንሥተውም ወደ ኋላ የሚታጠፈው፣ እኛ ጉልበት የምንለው መገጣጠሚያ፣ በሰው አካል ቁርጭምጭሚትና ተረከዝ መሆኑን አሳዩን። እውነተኛው ጉልበቱ ሆዱ ሥር ተሸጉጧል።

ስለ ቁመት ልክም አስተምረውናል፤ የአዋቂ ሰው ቁመት በአማካይ 7 ተኩል ራስ ያህል ነው፣ ዓይንም ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ይውላል። ይህን በቀላሉ ማጥናት ይቻላል። ከባዱ ክንድ ነው። ከክርን በታች ሁለት አጥንቶች አሉ። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ መዳፍ ሲገለበጥ በአውራ ጣት በኩል ያለው በሌላው ላይ ይሻገራል። ክርናችሁን በሌላው እጃችሁ ይዛችሁ መዳፋችሁን ብታገላብጡ፣ ጫፉ ሳይንቀሳቀስ አንጓው ብቻ ሲዞር ይሰማችኋል። አንድ ወር የፈጀብኝ ይህ ነው፤ አልጸጸትም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሥላሴ ደጅ ወስደው ሰው አስተዋሉ አሉን። በአንድ እግሩ ላይ ክብደቱን ጥሎ የቆመ ሰው፣ በቆመበት እግር በኩል ዳሌው ከፍ፣ በዚያው በኩል ትከሻው ዝቅ ይላል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ጋቢ መሸፈኛ መሆኑ ይቀራል፤ እጥፋቱ ራሱ የሰውየውን አቋቋም ይናገራል። አንዱ ተማሪ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይህን ሁሉ እንደማይከተሉ አንሥቶ ነበር። መምህራችን በፍጹም አልናቁትም። ቅዱሳኑን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹን በአንድ ዓይን በጎን ማሳየት የራሱ ሕግ ያለው ጥበብ መሆኑን ነግረው፣ «ሁለቱንም ሕግ እወቁ» አሉን።

ብዙ ሰው ሥዕል ለመማር የግድ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት እንዳለበት ያስባል። አዲስ አበባ የመማር ዕድል ያገኘ ይሂድ። ነገር ግን አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ አንኮበር ነው፤ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ተልከው ልባቸው ወደ ሥዕል አዘንብሎ ለንደን ስሌድ የሥዕል ትምህርት ቤት ገቡ። መምህራችን ይህን ደጋግመው የሚያነሡት፣ የደጋ ልጅ «ይህ ለእኔ አይሆንም» ሲል መስማት ስለማይችሉ ነው።

እውነቱን ለመናገር ትምህርቱ ለሁሉም አይመችም። ቶሎ ቀለም መቀባት የፈለገ ይሰላቻል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ፊት መሣል የለም። ሥራችሁንም በባዶ አያሞግሱም። የተሳሳተውን ክንድ ሳይቆጡ፣ ከጎኑ በትንሹ ሠርተው ያሳያሉ፤ የእናንተን ሥዕል በእጃቸው አይነኩም።

ያን ምስል በጥቅምት እንደገና ሠራሁት። ትከሻው አለ፣ ዱላው ላይ የተደራረቡት ሁለት እጆችም አሉ። ለእናትየው ወስጄ ስሰጣቸው ፊቱን አላዩም፤ መጀመሪያ ጣታቸውን ያሳረፉት እጆቹ ላይ ነው።

መምህሬ ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ። ትምህርቱ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ለተማሪዎች በክፍያ አያስጨንቁም። ደብተርና ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ክፍሉ ይበርዳልና ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ።