ብሉ ራም፣ ቦሊቪያን ራም፣ አፒስቶ ወይስ ክሪብ? ሀዋሳ ላይ ለትንሽ አኳሪየም የቱ ይሻላል

ሲክሊድ ሲባል ብዙ ሰው ተናካሽ አሳ ነው ብሎ ይሸሻል፣ ቤተሰቡ ሰፊ ስለሆነ እውነትም ተናካሽ አለበት፣ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ጥብሱን የምንበላው ቆሮሶ ራሱ ሲክሊድ ነው እኮ። ግን ከዚሁ ቤተሰብ ከ10 ሳንቲ የማያልፉ፣ ከቴትራና ከመሳሰሉት ትንንሽ ሰላማዊ አሳዎች ጋር ተቀላቅለው የሚኖሩ ትንንሾች አሉ፣ ርዝመቱ 60 ሳንቲ ሆኖ 60 ሊትር አካባቢ የሚይዝ አኳሪየም ጥንዱን ይችላል። ከነዚህ ትንንሾች ርዕሱ ላይ የጠራኋቸውን አራቱን ላወዳድር ነው። ሀሳቤን ከመጀመሪያው ልናገርና፣ ሀዋሳ ሆነን በመልክ ከመረጥን አሳው ነው የሚጎዳው፣ መምረጥ ያለብን በውሀችንና በመብራታችን (ኤሌክትሪኩን ማለቴ ነው) ነው።

ውሀው ለምን መሰላችሁ፣ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ የሀይቁም የከርሰ ምድሩም ውሀ ወደ አልካላይን (የአሲዳም ተቃራኒ) ያደላል። ከአራቱ ሶስቱ ደግሞ የደቡብ አሜሪካ አሳዎች ናቸው፣ ብሉ ራምና አፒስቶ በተለይ የለመዱት ለስላሳ (ማዕድኑ ያነሰ) እና አሲዳም ውሀ ነው። በዛ ላይ ፒኤች (የውሀውን አሲዳምነትና አልካላይንነት የሚለካው ቁጥር፣ 7 መሀሉ ነው) ከፍ ባለ ቁጥር ከአሳው ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ የበለጠ መርዛማ ይሆናል፣ ማለትም ፒኤች 7 ላይ አሳው የሚቋቋመው አሞኒያ 8.5 ላይ ሊገድለው ይችላል። ስለዚ ከአሳው በፊት ቴስት ኪት (የውሀ መመርመሪያ) ግዙ፣ የራሳችሁን ቤት ውሀ ለኩ፣ የጓደኛችሁ ቤት ቁጥር ለናንተ አይሰራም።

ብሉ ራም ያው ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ፊቱ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ የሚያበራ ሰማያዊ ነጠብጣብ፣ አይኑ ቀይ ሆኖ ጥቁር መስመር የሚያቋርጠው፣ 5 ወይ 6 ሳንቲ ብቻ፣ ፀባዩም ከሁሉም የዋህ ነው ማለት ይቻላል። ችግሩ የቬንዙዌላና የኮሎምቢያ የኦሪኖኮ ሜዳ አሳ ስለሆነ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ይሄ ማለት ሂተሩ ሌት ተቀን ይሰራል ማለት ነው፣ ታህሳስ ላይ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መብራት ሄዶ እስከ ጠዋት ካልመጣ መጀመሪያ የሚታመመው እሱ ነው። ኒዮን ቴትራም ያን ያህል ሙቀት አይመቸውም፣ ከብሉ ራም ጋር ካርዲናል ቴትራ ይሻላል። እድሜውም አጭር ነው፣ 2 ወይ 3 አመት። ኤሌክትሪክ ብሉ የሚሉት ሙሉ ሰማያዊው በእርባታ የወጣ ስለሆነ ከዋናውም የባሰ ስስ ነው፣ ለጀማሪ በፍፁም አልመክርም።

ቦሊቪያን ራም ሱቅ ውስጥ ስታዩት ግራጫ ቢጤ ነው፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ቤት ገብቶ ሲረጋጋ ግን የክንፎቹ ጠርዝ ቀይ ይሆናል፣ ጅራቱ ከላይና ከታች ክር ያወጣል፣ ሆዱ አካባቢ ወርቃማ ይሆናል። 7 ወይ 8 ሳንቲ ይደርሳል። ከ23 እስከ 28 ዲግሪ ስለሚስማማው መብራት ሄዶ ውሀው ትንሽ ቢቀዘቅዝም ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ፒኤች 7.5 ምናምን ላይም ቀስ ብሎ ካለማመዱት ደህና ይኖራል። አመጋገቡን ማየት ደግሞ ደስ ይላል፣ እንደ እርግብ ትንሽ ሄድ ይልና ቆም ይላል፣ አፉን አሸዋ ይሞላል፣ የሚበላውን አስቀርቶ አሸዋውን በስንጥቡ በኩል ያንጠባጥበዋል፣ ከዛ አንድ ሁለት ሳንቲ ሄዶ ይደግመዋል። ለዚህ ነው ወለሉ ደቃቅ አሸዋ ይሁን የምለው፣ ሹል ጠጠር አፉን ያቆስለዋል። አንድ የሚያስቸግረው ነገር ወንድና ሴቱን ትንሽ ሆነው መለየት ከባድ ነው።

አፒስቶ ብዙ አይነት አለው፣ ለጀማሪ የሚሆነው ካካቱ የሚባለው ነው፣ የጀርባው ክንፍ ፊት ለፊት ያሉት እሾሆች እንደ ጉትዬ ቀጥ የሚሉት። ወንዱ 8 ሳንቲ ሲደርስ ሴቷ 5 አካባቢ ናት። አንድ ወንድ ብዙ ሴት ይይዛል፣ በ60 ሊትር ግን አንድ ለአንድ ይብቃ፣ ሁለት ወንድ ፈፅሞ እንዳታስገቡ። እንቁላል ስትጥል ደማቅ ቢጫ ትሆናለች፣ ያኔ ከራሷ በላይ ያለውን ወንድ ሳይቀር ታባርረዋለች፣ መደበቂያ ከሌለው ይጎዳል። ፒኤች ከ7.5 በታች ማድረግ ከቻላችሁ ጥሩ ምርጫ ነው።

ክሪብ የኛው አህጉር ልጅ ነው፣ ከናይጄሪያና ከካሜሩን። ከአራቱ ጠንካራው እሱ ነው፣ ከፍ ያለ ፒኤች ይችላል፣ የሴቷ ሆድ እንደ ቼሪ ይቀላል። የሚገርመው ጫጩቶቹ የሚያድጉበት ውሀ አሲዳም ከሆነ ወንድ ይበዛል፣ አልካላይን ከሆነ ሴት። የማሰሮ ገል ወይም ያልተጠቀምንበት የአበባ ሸክላ ገልብጣችሁ ትንሽ በር ካወጣችሁለት ዋሻ ነው ብሎ እዛው እንቁላል ይጥላል፣ ከጣለ በኋላ ግን ሰላማዊ የሚለው ቃል ያበቃል፣ ወለል ላይ የሚኖሩትን በተለይ ኮሪዶራስን አይናቸውን ሳይቀር ይነክሳል። ኮሪዶራስ ያለው ሰው ክሪብ ጥንድ አይግዛ።

ስለዚ ውሀችሁ ከ7.8 በታች ከሆነ ቦሊቪያን ራም ግዙ፣ ከዛ በላይ ከሆነና ወለሉ ላይ ሌላ አሳ ከሌለ ክሪብ። ብሉ ራም የምፈቅደው አኳሪየሙ ወራት የሰራ፣ ጄኔሬተር ወይም ሌላ መጠባበቂያ ላለው ሰው ነው።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፌስታሉ ሲሶው ውሀ የቀረው አየር ይሁን፣ በካርቶን ውስጥ ጨለማ ይሁንለት። ሻጩ ፊታችሁ እንዲያበላው ጠይቁ፣ የማይበላ፣ ሆዱ የገባ፣ ክንፉን የሰበሰበ ወይም ነጭ ክር የመሰለ ሰገራ የሚጎትት ከሆነ ቢረክስም ተዉት፣ ነጩ ሰገራ ብዙ ጊዜ የአንጀት ጥገኛ ምልክት ነው፣ ሌሎቹንም ይዞባችሁ ይሄዳል።