የውጅግራዬ ሰደፍ ተሰነጠቀ፦ ከአምሳያ ጠመንጃ ጋር ክረምትና በጋን አሳልፌ

ብረቱ ጥሩ ነው። ያናደደኝ እንጨቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው ወሬዬ ስለ እንጨት ነው፣ ስለ ብረቱ ለማንበብ የመጣችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

የገዛሁት የውጅግራ፣ ማለትም ዓድዋ ላይ የነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ፣ አምሳያ ነው። አይተኩስም። አፈሙዙ ድፍን ብረት ሆኖ ጫፉ ላይ ለመልክ ያህል፣ ከኋላ ደግሞ የማስመሰያ ጥይት የሚጎርስበት ያህል ብቻ ተቦርብሯል። የዓድዋ ቀን ምኒልክ አደባባይ ይዤው እወጣለሁ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አራት ኪሎ። በቀረው ጊዜ ሱሉልታ ቤቴ ሳሎን ውስጥ ከምንሽሩና ከጣልያኑ ካርካኖ አምሳያ ጎን ይሰቀላል። እነዚያ ሁለቱ ቆይተዋል፣ ምንም አላሉኝም። ውጅግራውን ግን ለብዙ ጊዜ ስመኘው የኖርኩት ነው። የዓድዋ ጠመንጃ ሲባል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

ሻጩ ሲያስረክበኝ ያለውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ይሄ ደረቅ ዋንዛ ነው ወንድሜ፣ ለልጅ ልጅህ ታወርሰዋለህ» አለኝ። ዋጋውም እንደ ቃሉ ነበር፣ የአንድ ደህና ሙክት ዋጋ። ከፈልኩ። የካቲትም ሚያዝያም በሰላም አለፉ፣ ሰው ሁሉ እየያዘ ፎቶ ተነሳበት፣ ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም።

ክረምት ገባ። ሱሉልታን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለው ብርድና ጭጋግ ግድግዳ ሳይቀር ያረጥባል። ሐምሌ ላይ መዝጊያው፣ ጥይት ለማጉረስ የሚሳበው ብረት፣ ወደ ኋላ አልሳብ አለኝ። ብረቱ ዝጎ መስሎኝ ዘይት ቀባሁት። ብረቱ አልነበረም። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጦ ከሁለት በኩል ብረቱን አንቆ ይዞታል። መስከረም ሲጠባ ለቀቀው፣ እኔም ረሳሁት።

ኅዳር ላይ ግን ነፋሱ ደረቅ ሲሆን አንድ ማለዳ ላወርደው እጄን ስሰድ ጣቴ የማላውቀው ነገር ነካ። ከመዝጊያው ጀርባ፣ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ አንገት ላይ፣ ከኋለኛው ብሎን ተነስቶ ወደ ሰደፉ የሚወርድ ስንጥቅ። መጀመሪያ ፀጉር የሚያህል ነበር። ወሩ ሳያልቅ ጥፍሬ ገባበት።

በካቻቪቴ ፈታሁት። ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ውጩ ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቀው እንጨት ውስጡ ሲገለጥ ነጣ ያለ ነው፤ ቀለሙ ከላይ የተቀባ ነው። ብረቱ የሚተኛበት ቦይ ቫርኒሽ አልነካውም፣ ዘይት አልነካውም፣ ከመጥረቢያ እንደወጣ ነው። ሰፈራችን ላሉ አንድ ትልቅ አናጺ ወሰድኩላቸው። ገልበጥ አድርገው አዩት፣ በጥፍራቸው ፈቅ ፈቅ አደረጉት፣ «ልጄ፣ ይሄ ባህር ዛፍ ነው፣ ያውም ሳይደርቅ የተጠረበ» አሉኝ።

ባህር ዛፍን አልጠላም። አዲስ አበባ ማገዶና ቤት መሥሪያ ያገኘችው ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በእሱ ነው፣ እንጦጦም ዛሬ ድረስ የለበሰው እሱን ነው። አጥርና ማገር ይሁን። የጠመንጃ ሰደፍ ግን ሌላ ነገር ነው። ባህር ዛፍ ሲደርቅ ክፉኛ ይኮማተራል፣ ውስጡም የታመቀ ጉልበት ስላለው ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። እንጨት ደግሞ በቁመቱ እምብዛም አያጥርም፣ የሚኮማተረው በወርዱ ነው። ወርዱ ላይ ሁለት ብሎን ጠብቆ ከያዘው መሄጃ ያጣል፣ የሚሄድበት ሲያጣ ይቀደዳል። የእኔም የተቀደደው በትክክል ብሎኑ ካለበት ነው። ውጩ ቫርኒሽ ለብሶ ውስጡ ራቁቱን መቅረቱም የራሱ ጥፋት አለው፣ ምክንያቱም እርጥበቱ በአንድ በኩል ብቻ ይገባል፣ በአንድ በኩል ብቻ ይወጣል፣ እንጨቱ በሁለት ሐሳብ ይጎተታል።

የሚሸጡት ሰዎች ምን እንደሚሉ አውቃለሁ። «የሱሉልታ አየር ነው» ይላሉ። እሺ፣ የእውነተኛው ውጅግራ አየርስ? ፈረንሳይ ተሠርቶ፣ በመርከብ ባሕር ተሻግሮ፣ ከታጁራ ተነስቶ በግመል የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ መጨረሻው የእንጦጦ ብርድ ላይ ነው። የእሱ ሰደፍ ዋልነት ነበር፣ በወጉ የደረቀ። እዚሁ እኛ ሰፈር የአያታቸውን ውጅግራ በክብር ያስቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ለማየት ጠይቄያቸው አሳዩኝ። ሰደፉ ተፋፍቋል፣ ጠቁሯል፣ አንድ ቦታ ላይ በሽቦ ታስሯል። አንገቱ ግን ሙሉ ነው። የእኔው ከአንድ ክረምት በላይ አልዘለቀም!

«ጌጥ እኮ ነው፣ ምን ታካብዳለህ» የሚልም አለ። ይሄኛው ይብሳል። ጌጥ ነው ብለህ አልሸጥክልኝም፣ ታወርሰዋለህ ብለህ ነው የሸጥክልኝ። ጌጥም ቢሆን የአባቶቻችን ዕቃ አምሳያ ነው። ሰው በበዓሉ ቀን ትከሻው ላይ ሲያነግተው ለመጫወት አይደለም። ባህር ዛፍ ከሆነ ባህር ዛፍ ነው በል፣ ዋጋውን ቀንስ፣ የሚገዛ ይግዛ።

በነገራችን ላይ አሮጌ ዕቃ በውድ ሊሸጥ የሚመጣ ነጋዴ እዚህ አገር አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ጊዜው ያለፈበት ጠመንጃ በግመል ጭኖ ምኒልክ ዘንድ መጣ። ምኒልክ እንጦጦ ላይ ዋጋውን አስወረዱት፣ የሟች ሸሪኩን ዕዳም ከላዩ ላይ ቀነሱበት፣ ሰውየው ካሰበው በታች ተከፍሎት እያማረረ ሄደ። እንዲህ ነው ዕቃ መግዛት። እኔም ውስጡን ፈትተህ አሳየኝ ለማለት መብት ነበረኝ፣ ሻጩ ግን ብሎኑ እንዲነካ አልፈለገም። ለምን እንዳልፈለገ አሁን ገብቶኛል።

ስንጥቁን ለማዳን የሠራሁትን ልንገራችሁ፣ ለአንዳችሁ ይጠቅም ይሆናል። የአናጺ ኮላ በቀጭን እንጨት ውስጥ ድረስ አስገባሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳ ጠብቄ ቀን አሳደርኩት። ያዘ። ደስ አለኝ። ከዚያ መልሼ ስገጥመው ብሎኑ ያው ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ገባ፣ ታኅሣሥ ላይ እንደገና ተከፈተ። አናጺው እንዳሉኝ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ማለት አለበት፣ እንጨቱ ሲነፋና ሲኮማተር የሚተነፍስበት እንዲያገኝ። ለቅባት ደግሞ የተልባ ዘይት የሚያህል የለም። ጥሬው ግን ቶሎ አይደርቅም፣ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀውን ፈልጉ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ፣ ሲደርቅ ድገሙት። ውስጡንም እንደ ውጩ። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉት! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የታጨቀ ጨርቅ በራሱ ጊዜ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ብረቱ ይህን ያህል አያስቸግርም። ከበዓል ሲመለስ የእጅ ላብ ስላለበት በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ስስ የሞተር ዘይት ማስነካት፣ አለቀ። ስታጓጉዙት በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ታክሲ ውስጥም መንገድ ላይም አትግለጡት። ፖሊስ ከሩቅ አምሳያውን ከእውነተኛው ሊለይ አይችልም፣ የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ሰው ስለ መሣሪያ ጥንቁቅ ሆኗል፣ ልክም ነው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ያ መዝጊያ ባይኖር ኖሮ ይሄን ዕቃ ለሻጩ መልሼለት ነበር። የሠራው ልጅ ባለ ቶርኖ (ብረት የሚቀርጽ ማሽን) ነው፣ እጁ ይባረክ። እጀታውን ወደ ላይ ታነሳዋለህ፣ ወደ ኋላ ትስበዋለህ፣ አንድ የናስ ማስመሰያ ጥይት ታጎርሰዋለህ፣ ትዘጋዋለህ። መልሰህ ስትስበው ቀለሁ ዘሎ ይወጣል። የፈረንሳዩ መኮንን ባዚል ግራ እ.ኤ.አ. በ1874 የሠራው እንዲሁ ነበር፦ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ መጋዘን የለው፣ አንድ አጉርሶ አንድ መተኮስ። ፈረንሳዮች በ1886 ለበን የተባለውን ባለ መጋዘን ጠመንጃ ሲያወጡ ይሄኛው አረጀባቸውና ወደየአገሩ ተሸጠ፣ እኛም ዘንድ ደረሰ። ዓድዋ ላይ ስንቱ ሰው ነው እንዲህ ያለ ባለ አንድ ጥይት ጠመንጃ ይዞ፣ በየተኩሱ መሐል እጁን ወደ ዝናሩ እየሰደደ ወደ ፊት የሄደው። ይሄን መጽሐፍ ላይ አንብቤው ነበር። መዝጊያውን በእጄ እየሳብኩ፣ አንድ ጥይት ከዝናር አውጥቶ ለማጉረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ሳይ ግን ሌላ ሆነብኝ። እውነተኛው ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ርዝመቱም 1 ሜትር ከ30 ይደርሳል። የእኔው ቀለል ይላል፣ ቢሆንም አንግቼው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ስቆም ትከሻዬ ያውቀዋል።

ስለዚህ ግዙ ነው አትግዙ የምላችሁ? ኅዳር ላይ ብትጠይቁኝ አትግዙ እላችሁ ነበር፣ ያውም ጮክ ብዬ። ዛሬም ለእንጨቱ የከፈልኩት ብር ይቆጨኛል። ለመዝጊያው የከፈልኩት ግን አንድ ሳንቲም አይቆጨኝም። ብረቱን ብቻ የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ ዓይናችሁን ሳታሹ ግዙ። ሙሉውን ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ ብሎኑን ፈትቶ የእንጨቱን ሆድ ያሳያችሁ። አላሳይም ካለ ተዉት፣ ሌላ ሻጭ ሞልቷል።

እኔ ሰደፉን ላስቀይር ነው። አናጺው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ወፍራም የዋንዛ መቃን አግኝተውልኛል፣ ስንት ዓመት ጣሪያ ሥር የኖረ፣ መዶሻ ሲነካው የሚጮህ። ልኩን ከባህር ዛፉ ላይ ወስደዋል። ለየካቲት 23 አደርሳለሁ ብለዋል፤ ካልደረሰም አላጣድፋቸውም፣ የዘንድሮውን ዓድዋ ምንሽሩን ይዤ እወጣለሁ።