ልጄን ከሜዳ ላስወጣው ኮች

ሰላም የሀዋሳ ልጆች! ዛሬ ምስጋና ብቻ ሳይሆን የይቅርታ ዕዳም አለብኝ።

ታቦር ተራራ ሥር ባለች ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን የሚያሰለጥን ወጣት አለ። "ስሜን እንዳይጽፉ" ስላለኝ ልጆቹ እንደሚጠሩት ኮች ልበለው።

የ12 ዓመት ልጄ ኮርና ሲመታ ለቴስታ ዘሎ ከሌላ ልጅ ጋር ራስ ለራስ ተጋጨ። ወዲያው ተነሳ። ደም የለ፣ እብጠት የለ። ኮች ሮጦ ገብቶ "የመጨረሻውን ጎል ማን አገባ?" አለው። ልጄ ግራ ተጋብቶ መልሶ "ስንት ለስንት ነን?" አለ። በቃ፣ ተቀየረ። ልጁ አለቀሰ። እኔም ከዳር ሆኜ "ምን ታካብዳለህ!" እያልኩ ጮህኩበት። በፊት የሚሰለጥንበት ቦታ እኮ ራሱ ላይ ውሃ አፍስሰው ይመልሱት ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ኮች በባጃጅ አስረዳኝ። "እትዬ፣ ባጃጅ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ወደፊት ይሄድ የለ? አንጎልም ቅል ውስጥ፣ ፈሳሽ መሀል ያለ ተሳፋሪ ነው። ራስ ሲቆም እሱ ቶሎ አይቆምም። የሚብሰው ደግሞ ባጃጁ በፍጥነት ሲታጠፍ ነው። ራስ ድንገት ሲዞር ቀጫጭኖቹ የነርቭ ክሮች ይሳባሉ።" ለካ ራስን ሳይስቱም አንጎል ይጎዳል! ሄልሜት ልግዛለት ወይ አልኩት። ቅልን ከመሰበር ያድናል እንጂ አንጎል ውስጥ ለውስጥ መናወጡን አያስቀርም አለኝ።

ደጋግሞ ካስታወከው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ አልነቃ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ሳልውል ሳላድር ድንገተኛ ክፍል እንድወስደው አስጠነቀቀኝ። ማታ ራሱን አመመው፣ መብራት አስጠላው። ሐኪም አየውና የአንጎል መናወጥ ነው አለን። 2 ቀን አረፈ። ከዚያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ብቻውን ኳስ። በእያንዳንዱ መሀል ቢያንስ አንድ ቀን። ሕመሙ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደኋላ። 3 ሳምንት ፈጀ። ኮች በየማታው በራሱ ካርድ ይደውል ነበር፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድም ግጥሚያ አላስገባውም።

ትንንሾቹን ቴስታ አያስመታም። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2015 ለ10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ቴስታ ለመከልከል ወስኗል። ትልልቆቹን አንገት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ያሠራቸዋል፣ ክርን አንስቶ የሚዘልን ይቆጣል። የብረት ጎሉን ልጅ ላይ እንዳይወድቅ በአሸዋ ጆንያ ሳያስር ደግሞ ልጅ አያስጠጋም።

ልጅ ያላችሁ ውሰዱለት። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምራሉ። እኔም ዳር ላይ አለሁ፣ አፌን ዘግቼ።