ካኪ ከረጢት ውስጥ ያለው ሸክላ

ያዘዝኩት የሌድ ዜፕሊን ሸክላ በፖስታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የፈለግኩት የሚታሸግበትን ካኪ ከረጢት ነበር። የለም። ሻጩ ኢንተርኔት ላይ «ምንም ያልጎደለው» ብሎ ነው የሸጠልኝ። እኔ ደግሞ ፎቶውን ሳልጠይቅ ከፈልኩ።

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን አልበም «ኢን ስሩ ዘ አውት ዶር» እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1979 ሲወጣ፣ ልክ እንደ ሱቅ ስኳር በካኪ ወረቀት ታሽጎ ነው የተሸጠው። የባንዱ ስምና የዘፈኖቹ ዝርዝር ከረጢቱ ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል። የታሸገው ደግሞ በምክንያት ነው። ሽፋኑ ስድስት ዓይነት ስለሆነ፣ ገዢው የትኛው እንደደረሰው የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ነው።

የሽፋኑ ሥራ የለንደኑ የአልበም ሽፋን ንድፍ ቡድን የሂፕኖሲስ ነው፤ የነስቶርም ቶርገርሰንና ኦብሪ ፓወል። ፎቶው ላይ አንድ ባር አለ። ነጭ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ባንኮኒው ጋ ተቀምጦ ደብዳቤ ያቃጥላል። ስድስቱ ሽፋኖች ያችኑ ቅጽበት ነው የሚያሳዩት፤ ግን ባሩ ውስጥ ካሉት ከተለያዩ ሰዎች ዓይን። ፎቶው እንደ ድሮ ፎቶ ቡናማ ሆኖ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ በእርጥብ ብሩሽ የተጠረገ ይመስል ቀለም ብቅ ይላል።

ብሩሹ ያለ ምክንያት አይደለም። ሸክላው የሚገባበት የውስጥ ወረቀት ላይ በጥቁርና ነጭ የተሠራ ሥዕል አለ። ውሃ ሲነካው ቀለም ያወጣል! ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች መጀመሪያ «ረጥቧል ወይ?» ብለው የሚጠይቁት።

የእኔው ረጥቧል። ግማሹን አንድ ሰው ቀብቶታል። በጣም ነበር የከፋኝ። በኋላ ግን ውሃ ያልነካው ጥግ አየሁ። ጣቴን ነክሬ ቀስ ብዬ ዳበስኩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ቀለሙ መጣ። ከ40 ዓመት በላይ ደርቆ የቆየ ወረቀት እጄ ላይ ሲነቃ ማየት! ገንዘቤን ያኔውኑ ረሳሁት።

ሁለተኛውን ያገኘሁት እዚህ ሜሪላንድ፣ ከቤቴ 20 ደቂቃ የሚርቅ ትንሽ ያገለገለ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። 35 ዶላር። ሰውዬው ከረጢቱን ራሱ ከፍቶ፣ የውስጡን ወረቀት መብራት ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ደረቅ ነው። ከረጢቱ አፉ ላይ ትንሽ ተቀዷል፤ ይሁን፣ ብዙ ሰው ገና ሲገዛ ጥሎታል። ስትገዙ የሽፋኑን ጀርባ ጠርዝ እዩ። ከኤ እስከ ኤፍ ካሉት ፊደላት አንዱ ተጽፎበታል፤ ስድስቱ የሚለዩት በዚያ ነው። ሸክላው ከውስጥ እየገፋ ሽፋኑ ላይ የሚተወውን ክብ ምልክትም ፈትሹ። የእኔ ቢ ነው፤ ምልክቱ በጣም ደብዛዛ ነው።

ሙዚቃውስ? የተቀዳው ስቶክሆልም፣ የስዊድኑ ፖፕ ባንድ አባ (ABBA) ይቀዳበት በነበረው ፖላር ስቱዲዮ ነው። የጆን ፖል ጆንስ ኪቦርድ ከጂሚ ፔጅ ጊታር በላይ ገኖ ይሰማል። የድሮውን ከባድ ድምፅ የሚፈልግ ቅር ሊለው ይችላል። እኔ እወደዋለሁ። ከበሮ መቺው ጆን ቦናም እ.ኤ.አ. በ1980 ሞተ፤ ባንዱም እዚያው አበቃ። በሕይወት እያለ የወጣው የመጨረሻ አልበማቸው መሆኑን እያሰብኩ ከበሮውን ስሰማ መርፌውን ማንሳት ያቅተኛል።

ለማጫወት የመጀመሪያውን ነው የማወጣው። ደረቁ ግን እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ተቀምጧል። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ብሩሽና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ይሄኛውንስ?» አለችኝ። ያንን የመጀመሪያውን አውጥቼ፣ የቀረችውን ትንሽ ነጭ ቦታ ሰጠኋት።