ማኅበራዊ ፖሊሲን በሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪ፦ የአንድ ተመራቂ ግምገማ

አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ተቋም የሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ከምክር አገልግሎት ይልቅ ማኅበራዊ ፖሊሲን የመረጥሁት፣ ወረዳ ደጃፍ ተሰልፎ የሚውለውን ችግረኛ አንድ በአንድ ከማስተናገድ ባሻገር ሰልፉን የሚያረዝመውን መመሪያ ለመረዳት ስለፈለግሁ ነው።

ክፍያዬ እንዳይቆጨኝ ያደረገው የፖሊሲ ትንተና ትምህርት ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና ለምግብ እጥረት የተጋለጡ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችሉትን በማኅበረሰብ ሥራ፣ የማይችሉትን ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንደሚያቅፍ ካነበብን በኋላ፣ መምህራችን የአንዲት ነፍሰ ጡር ጉዳይ አቅርበውልን ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ መቼና በማን ማረጋገጫ እንደምትዛወር ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራከርን። በመመሪያ ውስጥ ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር የአንድ ቤት እንጀራ እንደሚወስን የገባኝ ያን ቀን ነው። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀውን ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ከዕድር አሠራር ጋር አነጻጽረን የጻፍነውም ሥራ ጥሩ ነበር፤ እናቴ ከዕድሯ መዝገብ ያነበበችልኝ ከብዙ ጽሑፍ የበለጠ ረድቶኛል።

የበጀት ሰነድ ማንበብ ግን አልተማርንም፤ ለፖሊሲ ባለሙያ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ስታቲስቲክሱም ለወጉ ያህል ብቻ ተሰጠ። ለተግባር ልምምድ የተመደብሁበት ቢሮ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል ሲያስደረድረኝ የከረመ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍም ከአማካሪዬ የተመለሰልኝ ከአራት ወር በኋላ ነው።

ከሰው ጋር ፊት ለፊት መሥራት ለሚወዱ ይህን ዘርፍ አልመክርም። መመሪያ ማገላበጥ የማይሰለቻቸው ግን ይግቡበት፤ ከመመዝገባቸው በፊት ልምምዱ የት እንደሚሰጥና ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁ።