ከጣውላው ስር የሚመጣው ብርድ፦ ስንጥቅ መድፈኛ ጎማ ከ6 ወር በኋላ

እናቴ ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ ሊድስ ልትጠይቀኝ መጣች። በሁለተኛው ቀን ቡና ላፍላ ብላ በርጩማዋን ሳበች። እጣን ጨመረች። ጭሱ ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ከወለሉ ጋር ተኛና ወደ ኮሪደሩ ሄደ። ትንሽ አየችውና «አንቺ፣ ቤትሽ ከስር ይተነፍሳል እንዴ?» አለችኝ። እኔ ነፋስ መኖሩን ባውቅም፣ ሶፋ ላይ ስለምቀመጥ ይህን ያህል መሆኑን ሳላይ 3 ዊንተር ሙሉ ራዲያተሩን ሳማ ነው የኖርኩት።

ቤቱ በ1890ዎቹ የተሠራ ነው። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ አያርፍም። ጣውላው ወራጅ (የተጋደሙ ወፍራም እንጨቶች) ላይ ይመታል፤ ከስር ባዶ ቦታ አለ። ከግድግዳው ግርጌ ቀዳዳ ያላቸው ጡቦች አሉ። እንጨቱ እንዳይበሰብስ ነፋስ በነሱ እየገባ ያናፍሰዋል። ችግሩ፣ ያው ነፋስ በጣውላዎቹ መሃል ሾልኮ ሳሎን መግባቱ ነው። ውጭ ነፋሱ ሲበረታ የምንጣፉ ጠርዝ ብድግ ይል ነበር፤ እውነቴን ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሞኝነት ነበር። ካቻምና ሰጋቱራ በሙጫ ለውሼ ስንጥቁን ደፈንኩት። አማረ። ጥር ላይ ተሰነጣጥቆ በቫኪዩም ለቀምኩት። ቤቱ ሲሞቅ አየሩ ይደርቃል፣ ጣውላው ይኮማተራል፣ ስንጥቁ ይሰፋል። በሰመር ደግሞ እርጥበት ስቦ ያብጣል። ድርቅ ያለ ነገር ይህን አይችልም።

ጎማው ግን ይችላል። በጥቅል የሚሸጥ ጥቁር ክር ነው፤ ቀጭንም ወፍራምም አለው። በትንሽ ተሽከርካሪ መግፊያ ወደ ስንጥቁ ይገፉታል፣ ራሱ ተለጥጦ ይይዛል። ሙጫ የለውም። ለሳሎኔ 3 ጥቅል ፈጀ፣ ወደ 100 ፓውንድ ወጣብኝ። መግፋቱ ቀላል ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰው ስንጥቁን በአሮጌ ቢላ መፋቅ ነው። ከውስጡ ስፒል፣ አዝራር፣ የልጄ ሌጎ፣ ደግሞ የስንት ዘመን አቧራ ወጣ። ሁለት ቀን በጉልበቴ ስድህ ዋልኩ፤ ቤቱ ወፍጮ ቤት መሰለ።

ነፋሱ በዚያው ሌሊት ቆመ። ድሮ ቴርሞሜትሩ ከራሴ ከፍታ ላይ 19፣ ወለሉ አጠገብ 13 ዲግሪ ያሳይ ነበር። አሁን ታችኛው 16 ሆነ። ግን አትሳሳቱ፦ ጎማው ነፋስ ነው የሚያቆመው፣ ጣውላውን አያሞቀውም። ያለ ካልሲ ስትረግጡት አሁንም ይቀዘቅዛል። ለዚያ የካቲት ላይ አናጺ ጠርቼ ጥቂት ጣውላ አስነሥቼ፣ በወራጆቹ መሃል በመረብ የተደገፈ የሙቀት መከላከያ ሱፍ አስገባሁ። የራዲያተሩንና የውሃውን ቱቦም አብረን ጠቀለልን። ሱፉ ሲገባ የቤቱ ሙቀት ወደ ስር መውረዱን ስለሚያቆም፣ ባዶው ቦታ ከበፊቱ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሊሆን ይችላል።

ጉድለቱስ? አሮጌው ምድጃ አጠገብ ያለው ስንጥቅ ትንሿ ጣቴን ስለሚያስገባ ወፍራሙ ጎማ ሳይቀር ወደ ስር ወደቀ። እዚያ ቀጭን እንጨት ቆርጬ አስገባሁ። ዞኮሎው (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) ስር ጎማው አይሠራም፤ በሲሊኮን ጨረስኩት። ቫኪዩሙም ጎማውን ሁለት ጊዜ ነቅሎታል። ጣውላችሁ ነጣ ያለ ከሆነ ጥቁሩ መስመር ይታያል፤ የኔ ጠቆር ያለ ስለሆነ ተደብቋል።

የጋዝ ቢል? ቴርሞስታቱን ከ21 ወደ 19 አውርጄዋለሁ፣ ቢሉም ቀንሷል። ግን ዘንድሮ ብርዱ ራሱ ረገብ ያለ ስለነበር ሙሉውን ምስጋና ለጎማው አልሰጥም።

አንድ ያናደደኝ ነገር፦ ዋጋ ሊነግረኝ የመጣ ሠራተኛ «ምን አደከመሽ፣ የውጭዎቹን ጡቦች በፎም ድፈኚያቸው» አለኝ። እንዳታደርጉት! እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ወራጁ ይበሰብሳል። የመበስበሱ ጥገና ከጎማውና ከሱፉ ድምር ይበልጣል።

በፋሲካ፣ እናቴ ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት፣ እጣኑን እዚያው ቦታ ላይ አጨሰች። ቀጥ ብሎ ወጣ። አቦል ስንጠጣ ግን ወደ ኩሽናው በር ትንሽ ዘንበል አለ። የኩሽናው ወለል ሲሚንቶ ነው፤ ይሄ የበሩ ጥፋት ነው።